የሲዮኔ አንገትና የእኔ አማና

ወጌሻነቱን ትቻለሁ። ሰው በየፊናው ከሚያወራ እኔው ልናገር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። በቀደም ዓርብ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ የወረኢሉ ልጅ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ወገቡን ይዞ መጣና «ጋሽ ሰይድ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ ይዳስሱኝ» አለኝ። ሐኪም ቤት ሂድ አልኩት። ኢንሹራንስ የለኝም አለ። እንግዲያው ቤትህ ገብተህ ተኛ አልኩት። ዞር ስል ለጓደኛው «ሽማግሌው ፕሌኖ ቤት ገዛ እንዴ፣ ምን አኮራው?» ሲለው ሰማሁ። ሳቁ። እዚህ ዳላስ ፕሌኖ የባለጸጋ ሰፈር ነው፤ እኔ የምኖረው ግን ዋይሊ፣ ልጄ ዘሃራ ቤት ነው፤ የምተኛውም ከልጆቿ ጋራ ነው። የሚያኮራ ነገር የለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ጽሑፌን አትመልከቱ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። እጄ የሚያውቀው አጥንት ነው፣ እርሳስ አይደለም።

ሙያው የአባቴ ነው። አባቴ ውልቃት ይመልሳል፣ ስብራት በቀርከሃ ያስራል፣ ወለምታ ያሻል። እኔን ሲያስተምረኝ ዓይኔን በጨርቅ አስሮ የበግ እግር ያስይዘኝ ነበር። የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ፣ የቀኝ ይሁን የግራ፣ በጣቴ ለይቼ መናገር አለብኝ። ከተሳሳትኩ ቁርስ የለም። እንዲህ እያልኩ አደግሁና ኮምቦልቻ የአንድ ፋብሪካ የኳስ ቡድን ወጌሻ ሆኜ ተቀጠርኩ። ተጫዋች ሲወድቅ ውኃና ቅባት ይዤ እሮጣለሁ። አሽቼ አስነሣዋለሁ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። የቡድን መሪያችን አንድ ቁጡ ሰው ነበር፤ «ሰይድ፣ ደቂቃ አትፍጅብኝ» ነበር ቃሉ። ጥሩ ወጌሻ ማለት ቶሎ የሚያስነሣ ነው። ሃያ ዓመት ያመንኩት ይህን ነው።

ከዚያ ዘሃራ ዲቪ ደርሷት ዳላስ ገባች፣ ቆይታ እኔን አመጣችኝ። ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ጀመርኩ። እዚያ ከአገራችን ሰው ብዙ አለ፣ ሥራውም ነውር የለበትም። ሲዮኔን ያገኘሁት እዚያው ነው።

ሲዮኔ ሻንጣ ጫኝ ነበር። አገሩ ቶንጋ የሚባል ባሕር መሐል ያለ ደሴት ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለችው ዩለስ ከተማ የእነሱ ሰው ሞልቷል፣ እናቱም እዚያ ናት። በር ሲገባ ጎን ለጎን ካልዞረ የማይበቃው ሰው ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጣቱን ሻንጣ ነክሶት፣ ውልቅ ብሎ ወደ ጎን ቆሞ አየሁት። እንግሊዝኛ ብዙ አልችልም። እጁን ያዝኩና ቁርስ ምን እንደበላ ጠየቅሁት። እንቁላል ብሎ ሳይጨርስ መለስኩለት። ሲዮኔ ጣቱን አየ፣ እኔን አየ። «ፓፓ፣ ቅዳሜ ሥራ አለህ?» አለኝ።

ቅዳሜ ይዞኝ የሄደው ራግቢ ሜዳ ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ራግቢ እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ ይዞ እየተጋጩ መሮጥ ነው። ስክረም የሚባል ነገር አለው። ስምንት ሰው በዚህ፣ ስምንት ሰው በዚያ፣ ተቃቅፈው አጎንብሰው ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጠላለፉና ይገፋፋሉ። በፊት መስመር ያሉት ሦስት ሦስት ሰዎች የኋላውንም የፊቱንም ጉልበት በአንገታቸው ይሸከማሉ። የሲዮኔ ቦታ ያ ነው። በሬ እንኳ ቀንበሩ ጫንቃው ላይ ነው እንጂ አንገቱን እንዲህ አይሰጥም።

ሲዮኔ በዚህ ጨዋታ እንጀራ የበላ ሰው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኒውዚላንድ ሄደ፣ ከዚያ ፈረንሳይ ቀጠሩት፣ ስንት ክረምት እዚያ ገፋ። አንድ ክረምት ትከሻው ሲወልቅ ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ። የነገሩት በደብዳቤ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ ጋ ተመልሶ፣ ጋራዡን ክፍል አድርገውለት፣ ቀን ሻንጣ እየጫነ ቅዳሜ ከእነዚህ ልጆች ጋራ ይጫወታል። እነሱ የሚጫወቱት ለጨዋታው ብለው ነው፣ ደሞዝ የለውም። እኔንም መስመር እንድቀባ፣ ማልያ እንዳጥብ፣ ውኃ እንዳቀብል ያዙኝ፤ በወሩ መጨረሻ ፖስታ ይሰጡኛል። ቆይቶ ሁሉም ጀርባውን ይዞ እኔ ጋ መሰለፍ ጀመረ።

ቡድኑ ሌላ አካሚ ነበረው። ግሌን ይባላል፣ ኒውዚላንዳዊ ሽማግሌ፣ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። በዚህ ሙያ አስተማሪዬ እሱ ነው እላለሁ፣ በወቅቱ ብትጠይቁኝ ግን እሰድባችሁ ነበር። ሰው ሲወድቅ አይሮጥም። ይራመዳል። መጀመሪያ ቀን አይቼ ሰነፍ ነው ብዬ ናቅሁት። የወደቀው ሰው ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያጣምርና ቁጭ ይላል። አይነካም። ያያል። ጠዋት ማን አመጣህ ይላል፣ የትኛው ወገን እያጠቃ ነው ይላል፣ እግርህን አንቀሳቅስ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው እጁ የሚወጣው። በመጨረሻ የልጁን ሁለት እጅ ጨብጦ ጭመቀኝ ይለዋል። የሁለቱ ጉልበት እኩል ካልሆነ ልጁ ወደ ቤቱ ነው፣ የፈለገ ቢለምን። ለማንም «ደህና ነህ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ካርድ አለችው፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ናቸው፣ በቁራጭ እርሳስ ይጽፍባቸዋል። ፕላስተሩን አስቀድሞ ቆራርጦ ሱሪው ላይ ይለጥፈዋል፣ ከሩቅ ሲያዩት የተጣፈ ሱሪ የለበሰ ይመስላል። ፖም ሲበላ ፍሬውን ከነእምብርቱ ነው፤ የሚጥለው ነገር የለውም።

እንጣላ ነበር። እሱ ካርድ ይላል እኔ ጣት እላለሁ። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ጉልበት በግማሽ ሰዓት አሽቼ ወደ ሜዳ ስመልሰው ግሌን ጎኔ መጥቶ ቆመ። «ሰይድ፣ እጅህ ከእኔ እጅ ይሻላል» አለኝ። ደስ አለኝ። «የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሕመም ዘበኛ ነው። አንተ ዘበኛውን ታስተኛዋለህ።» የቅናት ነው ብዬ ዘጋሁት።

አማና የሚለውን ቃል ለእነዚህ ልጆች ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ጨዋታ ሊገቡ ሲሉ ቀለበታቸውን፣ ሐብላቸውን፣ የመኪና ቁልፋቸውን ለእኔ ይሰጣሉ። በሻሼ ቋጥሬ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። ስቀበል እንደ ልማዴ «አማና» እላለሁ፤ ምን ማለት ነው ሲሉኝ፣ በአገሬ ሰው አማና ካለህ ቃሉም ዕቃውም ከአንተ ነፍስ በፊት ነው አልኳቸው። ወደዱት። ነጩም ጥቁሩም ሜክሲኮውም «አማና፣ ፓፓ» እያለ ነው ቀለበቱን የሚወረውርልኝ። አንዱ ቀልደኛ፣ ሊፋታ ነው የሚባል፣ «የእኔ ጠፍቶብኛል በልና ገላግለኝ» ይለኝ ነበር። አንድም ቀን የአንድ ሰው ዕቃ አልጠፋብኝም።

በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው የልምምዱ ወቅት ሲጀመር ነው። አንድ ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ማልያ የምናስቀምጥበት ኮንቴይነር ኋላ ሲዮኔ ጠበቀኝ። ሸሚዙን አወለቀ። አንገቴ ነው አለ፤ ስገፋ ከአንገቴ ተነሥቶ እስከ ቀኝ እጄ እሳት ይወርዳል፣ ከዚያ እጄ ይደነዝዛል አለ። ግሌን ያየዋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኪሱ ገብቶ ምንም ሳያወጣ፣ ባዶ እጁን መዳፌ ላይ አሳረፈና ጨበጠው።

«አማና፣ ፓፓ» አለኝ።

ከዚያ ነው የነገረኝ። ከፈረንሳይ አንድ ሰው ይመጣል፣ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ተጫዋች የሚመለምል። አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚፈልገው። «እነሱ ናቸው ያስወጡኝ። አንድ ዓመት ልጫወትና በቃኝ ብዬ ራሴ ልውጣ። ሻንጣ እስክሞት እጭናለሁ፣ ግድ የለኝም፤ ግን ራሴ ልውጣ» አለኝ። ግሌን ካወቀ ካርዱ ላይ ይጽፈዋል፣ ካርዱ ላይ ከተጻፈ አለቀ።

ያዝኩለት። በሞቀ ውኃ ውስጥ ብርጭቆ አስቀምጬ ዘይቱን አሞቅሁና አንገቱን ጀመርኩ። ደንድኗል። ጅማት ዞሮበት ነው አልኩ ለራሴ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ። በሁለተኛው ሳምንት እሳቱ ቀነሰ። እንቅልፍ ወሰደኝ አለ፣ አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። እናንተ፣ ደስ አለኝ። ጾሜን ውዬ ምራቄ ደርቆ፣ እጄ ግን ሰው አዳነ እያልኩ ነበር ወደ ቤት የምሄደው።

በሦስተኛው ሳምንት ጣቴ ሌላ ነገር አገኘ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መሐል ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። በግራው ሙሉ ነው፣ በቀኙ የለም። ጭመቀኝ አልኩት፣ እንደ ግሌን። ግራው ሊሰብረኝ ነበር። ቀኙ የዘሃራ ትንሿ ልጅ እጅ ነው። አባቴ ዓይኔን አስሮ ያስተማረው እጅ እንዴት ይዋሻል? አልዋሸም። ነገረኝ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በልቤ የመጣው ሕመሙ መቀነሱ ነው፤ ሕመሙ ከቀነሰ ድኗል፣ ሃያ ዓመት ያመንኩት ያ ነው። ቢሆንም ስለፈራሁ ለግሌን ንገረው አልኩት። የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አለኝ። ከሰውየው በኋላ በዚያው ሰኞ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ወላሂ አለ። ወላሂም ከእኔ የለመዳት ናት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። መስመር ልቀባ ኖራውን ስበጠብጥ ግሌን መጣ። ሲዮኔ ቀኝ እጁን እያራገፈ ይሄዳል አለኝ። ውኃ በግራው ነው የሚያነሣው አለኝ። አንተ ጋ መጥቷል ወይ አለኝ።

«አልመጣም» አልኩት።

አየኝ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጾም ይዤ ነበር። ኪሱ ገብቶ ካርድ አወጣ፣ ጻፈ፣ መለሰው። ሄደ። እኔም መስመሬን ቀባሁ፤ ቀጥ ያለ መስመር ነበር።

የቀረውን አላስረዝመውም። ሰውየው የመጣ ቅዳሜ ረመዳን ወጥቷል፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ፈረንሳዩ ከአንድ ተመልካች ወንበር ተውሶ መስመሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሲዮኔ እንዲያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ከዕረፍት በኋላ አንድ ስክረም ገቡ፣ ገፉ፣ መሐሉ ተደረመሰ። ይደረመሳል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ፊሽካ ተነፋ፣ አንድ በአንድ ተነሡ። አንድ ሰው ቀረ።

እኔ ሮጥኩ። ግሌን ተራመደ። እንደደረስኩ እጄ ወደ አንገቱ ሲሄድ ግሌን ከኋላዬ በማላውቀው ድምፅ «እጅህን» አለ፤ ቆምኩ። አልነካሁትም። ይኼን ነው ያተረፍኩት፣ ካተረፍኩ። ሲዮኔ ፊቱ ሣር ውስጥ ነው። ድምፄን ሲሰማ ጊዜ አወቀኝ።

«ፓፓ» አለኝ፤ «ማነው እግሬ ላይ የተኛው? አንሡልኝ።»

እግሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አምቡላንስ ወሰደው። ፈረንሳዩ ወንበሩን አጥፎ ለባለቤቱ መለሰና ሄደ፤ ሰውየውን አልወቅስም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ ግሌን አጠገቤ ተቀመጠ። መቼ ነው ያወቅኸው አለኝ። ነገርኩት፤ ሁሉንም፣ የሥጋውን መጎድጎድ ጭምር። ቢሳደብ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዷን አወጣና እጄ ላይ አደረጋት። እንግሊዝኛ ማንበብ ባልችልም ስሜን አውቃለሁ። ጣቱን እያስኬደ አነበበልኝ፤ «ቀኝ እጅ ተጠርጥሯል። ሰይድ ተጠየቀ፣ የለም አለ። ሰይድ ከተናገረ ይታመናል።» ይህ ነው የጻፈው። ካርዷን መልሶ ወሰደና ለሐኪሙ ሊሰጥ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልመጣም፣ እኔም አልሄድኩም። ኤርፖርቱንም፣ የሰው ዊልቸር መግፋቱንም ተውኩት።

አንድ ሼህ ጠይቄያለሁ። ሰው የሚጎዳ አማና አማና አይደለም አሉኝ። ሐቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ደባቂው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ምን እንደሚባል አልሰማሁም። እንዲያው ጠልቆ የሚገባኝ ነገር አንድ ነው። እጄ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሲዮኔ ዛሬ ይሄዳል። ሕመሙ ሳምንቱን ሳይጨርስ ጎትቶ ሐኪም ቤት ይከተው ነበር። ያዳከመው የእኔ መልካም እጅ ነው። ሰው ስሙን ያስጠራበት ሙያ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል? ለዚህ ነው ወገብ አልነካም የምለው፣ የወረኢሉ ልጅ ቢሰማኝ።

አንድ ቤት ግን እሄዳለሁ። ሲዮኔ ከሆስፒታል ወጥቶ እናቱ ጋራዥ ውስጥ ተኝቷል። እጁ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ከደረቱ በታች ምንም። እናቲቱ ናት በሰው የላከችብኝ፤ ልጄ ስለ እጅህ ነግሮኛል፣ እግሩ እንዳይደርቅ እሽልኝ ብላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘሃራ ታደርሰኛለች። መጀመሪያ የገባሁ ቀን እናቲቱ ሁለት እጄን ይዛ ሳመችው። ሲዮኔ ደግሞ ብቻችንን ስንቀር «ቃልህን ጠበቅህልኝ፣ ፓፓ። ማንም አልጠበቀልኝም፣ አንተ ብቻ» አለኝ። ከምር ነው ያለው። አመሰገነኝ።

የእጄን መሳም አልቻልኩትም። ሦስት ወር ሳመችው። ለእናቱ ልናገር ነው አልኳት ዘሃራን።

«አባ፣ አብደሃል? ሎየር ይይዛሉ፣ ሱ ያደርጉሃል፤ ፍርድ ቤት ይገትሩሃል» አለችኝ መንገድ ላይ።

«ምን ሊወስዱ? ሻሼን?»

«ቤቱ የእኔ ነው፣ አባ።»

እውነቷን ነው። ግን ፓርክ እንዳደረገች ወረድኩና ገባሁ። እናቲቱ ከማድረቂያው አንሶላ እያወጣች ታጥፋለች። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። አውቅ ነበር አልኳት። ነግሮኝ ነበር፣ እጁ ሲደክም በጣቴ አይቻለሁ፣ ሽማግሌው ሲጠይቀኝ ዋሸሁ አልኳት።

አንሶላውን አጠፈች። እንደገና አጠፈችው። ስንት ሳምንት አለችኝ። አምስት አልኳት። እንዳትናገር ያለህ እሱ ነው? አለችኝ። እሱ ነው፣ ቃሉን ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ አልኳት። የምታጥፈው እስኪያልቅ አጠፈችውና ደረቷ ላይ ያዘችው። መሬት ነው የምታየው። እጄን አልሳመችም።

«እንደነገርከኝ እንዳይሰማ» አለችኝ። «እናቴ አታውቅም ብሎ ነው የሚበላው። ካወቅሁ ያፍራል፤ ያፈረ ዕለት አፉን አይከፍትልኝም። ግባ፤ እግሩ ቀዝቅዟል።»

ገባሁ። ዘይቱን አሞቅሁ። ቀኝ እግሩን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግሁና ከቁርጭምጭሚቱ ጀመርኩ። ሲዮኔ ጣሪያውን ያያል።

«ከእናቴ ጋ ምን ታወራላችሁ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

እሺ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የዚህ ሰው እግር የአንድ ልጅ ያህል ይከብዳል። እሱ ጉልበቴ ላይ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ክብደቱን የማውቀው እኔ ነኝ።